ስልክ በስሙ ይገዛል ወይስ በሥራው?

ሁለት ወዳጆች ስለ ስልክ ሲከራከሩ የሰማ ሰው፣ ስለ ርስት ድንበር የሚሟገቱ ይመስለዋል። አንዱ «አይፎንን የሚያህል የለም» ይላል፤ ሁለተኛው «የሳምሰንግን እስክሪን ሳታይ አትናገር» ብሎ ይመልሳል። ክርክሩ ተጀምሮ እስኪያልቅ ድረስ ግን ስልኩ ምን ሥራ እንደሚሠራላቸው፣ ስንት ዓመትም እንደሚያገለግላቸው አንዳቸውም አያነሡም። እኛም ነገሩን ስንመረምረው፣ ብዙው ሙግት በስም ላይ እንጂ በሥራ ላይ አለመሆኑን ስለ ተረዳን፣ አንባብያን ገንዘባቸውን ከማውጣታቸው በፊት ሊያስቡት የሚገባውን ጥቂት ነገር ለመጻፍ ወደድን። ዓመታቱን የምንጠቅሰው እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር መሆኑን በቅድሚያ እናስታውቃለን።

በመጀመሪያ ስለ እስክሪኑ እንነጋገር። ዛሬ በገበያ ላይ የሚገኙት የስልክ እስክሪኖች በጠቅላላው በሁለት ወገን ይከፈላሉ፤ አንዱ ኤልሲዲ፣ ሁለተኛው ኦሌድ ይባላል። «ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ» ነውና በምሳሌ እንግለጸው። ኤልሲዲ ማለት ከበስተኋላው ትልቅ መብራት የበራለት፣ ከፊቱም እጅግ ብዙ ጥቃቅን መስኮቶች ያሉት ግድግዳ ማለት ነው። ብርሃን በሚፈለግበት ስፍራ መስኮቱ ይከፈታል፤ ጨለማ በሚፈለግበት ስፍራ ይዘጋል። ነገር ግን መብራቱ ከኋላ ዘወትር የበራ ስለ ሆነ፣ በተዘጋውም መስኮት በኩል ጥቂት ብርሃን ሾልኮ ይወጣል፤ ስለዚህ ጥቁሩ ቀለም ወደ ግራጫ ያደላል። ኦሌድ ግን በሌሊት በአደባባይ ተሰብስቦ እያንዳንዱ የየራሱን ጧፍ እንደ ያዘ ሕዝብ ነው። ብርሃን የሚያስፈልግ ከሆነ ጧፉ ይበራል፤ ጨለማ የሚያስፈልግ ከሆነ ባለቤቱ እፍ ይለዋል። በዚህ ምክንያት የኦሌድ ጥቁር እውነተኛ ጥቁር ነው።

ሁለቱም ጥበቦች ትናንት የተወለዱ አይደሉም። ለኤልሲዲ መሠረት የሆነውን የፈሳሽ ክሪስታል ጠባይ በ1888 መጀመሪያ ያስተዋለው ፍሪድሪኽ ራይኒትሰር የተባለ ኦስትሪያዊ የዕፅዋት ሊቅ ነበር። ለዛሬው ኦሌድ መንገድ የከፈቱት ደግሞ በአሜሪካው በኮዳክ ኩባንያ ይሠሩ የነበሩት ችንግ ታንግና ስቲቨን ቫን ስላይክ ሲሆኑ፣ ሥራቸውን በጽሑፍ ያወጡት በ1987 ነው።

የእስክሪን ፉክክሩ እጅግ የጋለው በ2010 ነበር። በዚያ ዓመት ሳምሰንግ ባለ 4 ኢንች የኦሌድ እስክሪን ያለውን ጋላክሲ ኤስን ሲያወጣ፣ አፕል ደግሞ ባለ 3.5 ኢንች የኤልሲዲ እስክሪን ያለውን አይፎን 4ን አወጣ። የመጀመሪያዎቹ ደጋፊዎች የቀለሙን ድምቀትና የጥቁሩን ጥልቀት ሲያወድሱ፣ ሁለተኛዎቹ የፊደሉን ጥራት ያነሡ ነበር። በ2007 የወጣው የመጀመሪያው አይፎን በአንድ ኢንች ውስጥ 163 ነጥቦች ብቻ ሲኖሩት፣ አይፎን 4 ቁጥሩን በእጥፍ አሳድጎ 326 አደረሰው። የአፕሉ አለቃ ስቲቭ ጆብስም ስልክን ከ25 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ርቀት ይዞ ለሚያይ ሰው፣ የዐይን ችሎታ የሚያበቃው በኢንች 300 ነጥብ አካባቢ ላይ ነው ብሎ አስረዳ።

ይህ ሁሉ ሙግት በምን ተፈጸመ? በ2017 አፕል ራሱ በአይፎን ኤክስ ኦሌድን ተቀበለ፤ ያንን እስክሪን ሠርቶ ያቀረበለትም ያው ባላንጣው ሳምሰንግ ነበር። ደጋፊዎቹ በየቡና ቤቱ ሲጣሉ ባለ ፋብሪካዎቹ እየተገበያዩ ነበር ማለት ነው። ለሌላው ትርፍ ወዳጁን የሚያስቀይም ሰው ይህንን ቢያስብ መልካም ነው።

ኦሌድም ቢሆን ነውር የለበትም ማለታችን አይደለም። አንድ ምስል በአንድ ስፍራ ለብዙ ጊዜ ሳይለወጥ ከቆየ ጧፎቹ እኩል ስለማያልቁ ጥላው በእስክሪኑ ላይ ታትሞ ሊቀር ይችላል። ብዙዎቹ የኦሌድ እስክሪኖች ብርሃናቸውን ሲቀንሱ በሰከንድ ብዙ መቶ ጊዜ እየጠፉ ይበራሉ፤ ይህንንም አብዛኛው ሰው ባያየውም፣ ዐይኑን የሚያደክመውና ራሱን የሚያመው ሰው አለ። «ጥቁር ገጽ ባትሪ ይቆጥባል» የሚባለውም እውነት ቢሆን መጠን አለው። በአሜሪካ የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2021 እንዳስታወቁት፣ የኦሌድ እስክሪን በሙሉ ብርሃኑ ሲሠራ ጥቁሩ ገጽ ከ39 እስከ 47 ከመቶ ኃይል ይቆጥባል፤ ብርሃኑ ከ30 እስከ 50 ከመቶ በሆነ ጊዜ ግን ቁጠባው ከ3 እስከ 9 ከመቶ ብቻ ነው።

እንግዲህ ለእኛ አገር ገዢ የእስክሪን መመዘኛው ምን ይሁን? በእኛ አስተያየት በሣጥኑ ላይ የተጻፈው ቁጥር ሳይሆን የራሱ ዐይን ነው። የግዕዝ ፊደል የሚለያየው በትናንሽ ቅጥያ ነው፤ ቀለበቷ ወይም እግሯ ካልታየች «ሉ» እና «ሊ»፣ «ቸ» እና «ች» ይምታታሉ። ስለዚህ ገዢው ከሱቁ ደጅ ወጥቶ፣ በቀትር ፀሐይ፣ ደቃቅ የሆነ የአማርኛ ጽሑፍ ከፍቶ ያንብብ። ሳይጨነቅ ካነበበ እስክሪኑ ይበቃዋል፤ ካላነበበ ግን የቁጥሩ ብዛት አይጠቅመውም።

አሁን ደግሞ ወደ ዋናው ነገራችን፣ ማለት ወደ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ እንለፍ። እስክሪን የስልክ ፊት ቢሆን፣ ሲስተሙ ልቡናው ነው። ፊትን ሁሉ ያየዋል፤ ልቡናን ግን አብሮ የኖረ ብቻ ያውቀዋል።

ዛሬ ዓለምን የተካፈሉት ሁለት ሲስተሞች ናቸው። የአፕሉ አይኦኤስ በዙሪያው አጥር የታጠረለት፣ አንድ በር ብቻ ያለው ግቢ ይመስላል። ቤቱን የሠራውም፣ በሩን የሚጠብቀውም፣ ጣራው ሲያፈስ የሚጠግነውም ያው አንድ ባለቤት ነው። አንድሮይድ ደግሞ ጉግል ያወጣው፣ ማንም አናጢ ወስዶ ቤት ሊሠራበት የሚችል ፕላን ነው። በ2008 የመጀመሪያው የአንድሮይድ ስልክ ከወጣ ወዲህ ብዙ ኩባንያዎች በዚህ ፕላን ሠርተዋል፤ ባለ ጸጋውም ድኻውም እንደ ዐቅሙ የሚገዛው ስልክ የተገኘው በዚሁ ምክንያት ነው። ይህ ትልቅ ውለታ ስለ ሆነ ሊካድ አይገባም። አማርኛን በሚመለከትም፣ ሁለቱም ሲስተሞች ፊደላችንን የሚያሳዩት የግዕዝ ፊደል በ1999 በዩኒኮድ ሦስተኛ እትም ውስጥ ስለ ገባ ነው፤ በብዙዎቹ የአንድሮይድ ስልኮች ደግሞ የስልኩን ማዘዣ ሁሉ በአማርኛ ማድረግ ይቻላል።

ነገር ግን የፕላኑ ባለቤትና አናጢው የተለያዩ መሆናቸው ችግር አለው። በሲስተሙ ላይ ሌባ የሚገባበት ቀዳዳ በተገኘ ጊዜ ጉግል መድፈኛውን ያዘጋጃል፤ ከዚያ በኋላ ግን ስልኩን የሠራው ኩባንያ ተቀብሎ ለየሞዴሉ አስማምቶ መላክ አለበት። ኩባንያው አዲስ ስልክ ለመሸጥ እንጂ አሮጌውን ለመጠገን ካልተጋ፣ መድፈኛው ይዘገያል፤ ወይም ጨርሶ አይመጣም። አፕል በዚህ በኩል የተሻለ ስም አለው፤ በ2013 ለወጣው ለአይፎን 5ኤስ በጥር 2023 እንኳ የደኅንነት መድፈኛ ልኮለታል። ሆኖም አፕልም ከወቀሳ ነጻ አይደለም። በ2017 መጨረሻ ላይ ባትሪያቸው ያረጀባቸውን ስልኮች፣ በድንገት እንዳይጠፉ በማለት፣ ፍጥነታቸውን ይቀንስ እንደ ነበረ አምኖ ይቅርታ ለመጠየቅ፣ የባትሪ መለወጫውንም ዋጋ ከ79 ዶላር ወደ 29 ዶላር ለማውረድ ተገዷል።

የሲስተም መሞት ምን ያህል ከባድ እንደ ሆነ ያለፈው ታሪክ ያስተምረናል። ማይክሮሶፍት የኖኪያን የስልክ ሥራ በ2014 ገዛ፤ ነገር ግን የዊንዶውስ የስልክ ሲስተም ገበያ ስላጣ፣ በጥር 2020 ድጋፉን አቋረጠ። የባለ ሥልጣኖችና የነጋዴዎች መመኪያ የነበረው ብላክቤሪም፣ በራሱ ሲስተም ለሚሠሩት ስልኮቹ የሚሰጠውን አገልግሎት ጥር 4 ቀን 2022 ዘጋ። እስክሪኑ ያልተሰነጠቀ፣ ባትሪውም ያልደከመ ስልክ፣ ልቡናው ስለ ሞተ ብቻ በመሳቢያ ውስጥ ቀረ።

ይህ ጉዳይ ለእኛ ከቅንጦት የሚቆጠር አይደለም። ቴሌብር በ2021 ሥራ ከጀመረ ወዲህ፣ ባንኮችም አገልግሎታቸውን በስልክ ካደረጉ ወዲህ፣ ስልክ መነጋገሪያ ብቻ መሆኑ ቀርቶ የገንዘብ ቦርሳ ሆኗል። ደመወዙን፣ ዕቁቡንና የልጆቹን የትምህርት ቤት ክፍያ በስልኩ የሚያንቀሳቅስ ሰው፣ ሲስተሙ ከታደሰ ብዙ ዓመት የሆነውን ቀፎ ቢይዝ፣ ቁልፉ በተሰበረ ሣጥን ውስጥ ገንዘብ እንዳስቀመጠ ይቆጠራል።

አንዳንድ ሰዎች «ለድኻ ዋናው ዋጋው ነው፤ የዕድሳቱን ነገር ባለ ጸጋ ያስብበት» ይሉናል። እኛ ግን የምንለው፣ ይህንን ሒሳብ ከሁሉ አብልጦ ማሰብ የሚገባው ገንዘብ የሚያጥረው ሰው ነው ነው። ለምሳሌ በ20,000 ብር የተገዛ ስልክ ሁለት ዓመት ቢያገለግል፣ ለአንድ ዓመት 10,000 ብር ወጣበት ማለት ነው። በ30,000 ብር የተገዛው ግን አምስት ዓመት ቢያገለግል፣ ወጪው በዓመት 6,000 ብር ብቻ ነው። ርካሽ የተባለው የትኛው እንደ ሆነ አንባቢው ይፍረድ። ያገለገለ ስልክ የሚገዛም ሰው የስልኩን መልክ ብቻ ሳይሆን የወጣበትን ዓመት ይጠይቅ፤ የዕድሜው ቆጠራ የሚጀምረው ስልኩ ወደ እርሱ እጅ ከመጣበት ቀን አይደለምና።

ደግነቱ በዚህ ረገድ ዓለም መንቃት ጀምሯል። ጉግል በጥቅምት 2023 ለፒክስል 8፣ ሳምሰንግም በጥር 2024 ለጋላክሲ ኤስ24 የሰባት ዓመት ዕድሳት ቃል ገብተዋል። የአውሮጳ ኅብረት ደግሞ ከሰኔ 20 ቀን 2025 ጀምሮ ሥራ ላይ በዋለው ደንቡ፣ ኩባንያዎች አንድን የስልክ ሞዴል ለገበያ ማቅረብ ካቆሙበት ቀን አንሥቶ ቢያንስ ለአምስት ዓመት የሲስተሙን ዕድሳት እንዲሰጡ፣ ዋና ዋና መለዋወጫዎችንም ለሰባት ዓመት እንዲያቀርቡ አዝዟል። ቃል መግባትና ቃልን መፈጸም የተለያዩ ስለ ሆኑ፣ የሰባት ዓመቱ ተስፋ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» እንዳይሆን ጊዜው ራሱ ይመሰክራል። ቢሆንም በጽሑፍ የወጣ ተስፋ በአፍ ከሚነገር ይሻላል።

ስለዚህ የእኛ አሳብ ይህ ነው። በቆርቆሮ የታሸገ ምግብ የሚበላሽበት ቀን ተጽፎበት ይሸጣል፤ ስልክም እንዲሁ የደኅንነት ዕድሳቱ የሚያበቃበት ቀን በሣጥኑ ላይ በጉልህ ተጽፎ እንዲሸጥ፣ አስመጪዎችና ሻጮች ቢያስቡበት፣ የሸማቹን ጥቅም እንዲጠብቁ ኃላፊነት የተሰጣቸውም መሥሪያ ቤቶች ይህንን በደንብ ቢያጸኑት ለሕዝቡ ትልቅ ጥቅም ይሆናል። ይህም ከፍ ያለ ወጪ አይጠይቅም፤ አንድ መስመር ጽሑፍ ይበቃዋል። እስከዚያው ድረስ ግን ገዢው ራሱ «ይህ ስልክ እስከ መቼ ይታደሳል? እስክሪኑ ቢሰበር በስንት ብር ይለወጣል?» ብሎ ይጠይቅ። መልስ የሌለው ሻጭ ካጋጠመውም ወደሚቀጥለው ሱቅ ይለፍ።

የያዘው ስልክ ደኅና የሚሠራለት፣ ዕድሳቱም ያልተቋረጠበት ሰው ግን አዲስ ስም ስለ ወጣ ብቻ ለመለወጥ ቢቸኩል፣ አበው «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ያሉት ለእርሱ ነው። ጥሩው ስልክ ጎረቤትን የሚያስቀና ሳይሆን፣ የባለቤቱን ፊደል አጥርቶ የሚያሳይ፣ ገንዘቡን የሚጠብቅና ለብዙ ዓመት የሚያገለግለው ነው። ፖም ይሣልበት ወይም ሌላ ምልክት፣ ይህንን የሚፈጽም ሁሉ ይመስገን።