ፋራናይት 451፦ ፍርዳችን ለመጽሐፉ ነው

አሜሪካዊው ደራሲ ሬይ ብራድበሪ «ፋራናይት 451»ን ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1953 ነው። ፈረንሳዊው ዳይሬክተር ፍራንሷ ትሩፎ ልብ ወለዱን ወደ ፊልም የቀየረው ደግሞ በ1966። ከሁለቱ የቱ ይበልጣል የሚለው ክርክር ከዚያ ወዲህ አልበረደም፤ ዛሬም ፊልሙን አይተው መጽሐፉን ያነበቡት ያህል የሚሰማቸው ጥቂት አይደሉም። የዚህ ዝግጅት ክፍል አቋም ግልጽ ነው፤ መጽሐፉ ይበልጣል። ይህን ስንል ፊልም ምንጊዜም ከመጽሐፉ ያንሳል ከሚለው የተለመደ አስተያየት ተነስተን አይደለም። ትሩፎ የሠራው ፊልም በአንዳንድ ቦታ ደራሲውን ራሱን ሐሳብ ያስቀየረ ሥራ ነው። የሚለያዩት ተከሳሹ ማን ነው በሚለው ላይ ነው። ፊልሙ ጣቱን የሚቀስረው መጽሐፍ በሚያቃጥሉት ላይ ሲሆን፣ መጽሐፉ ግን ከሁሉ አስቀድሞ ማንበብ የተወውን ሕዝብ ይከሳል። ከባዱም እውነተኛውም ክስ ይህ ነው እንላለን።

ታሪኩን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ እንዲህ ነው። ጋይ ሞንታግ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ነው። ቤቶች ሁሉ እሳት በማይበግረው ነገር ስለተሠሩ የሚጠፋ እሳት የለም። የእሳት አደጋ ሠራተኞች ሥራ ተገልብጦ፣ መጽሐፍ ተደብቆበታል የተባለን ቤት ነጭ ጋዝ አርከፍክፎ ማንደድ ሆኗል። ክላሪስ የምትባል ወጣት ጎረቤቱ ደስተኛ ስለመሆኑ እስክትጠይቀው ድረስ ሞንታግ ሥራውን ይወደው ነበር።

መጽሐፉ ውስጥ ደጋግመን የተመለስንበት አንድ ቦታ አለ። ሞንታግ አንዲት አሮጊት ከመጻሕፍቷ አልለይም ብላ በገዛ እጇ ክብሪት ጭራ ስትቃጠል አይቷል፤ በማግስቱ አሞኛል ብሎ ከአልጋ አልወረደም። አለቃው ካፒቴን ቢቲ ሊጠይቀው ይመጣል። ወንበር ይይዛል፣ ፒፓውን ይለኩሳል፣ ተረጋግቶ ማውራት ይጀምራል። ሞንታግ የተንተራሰው ትራስ ሥር የተሰረቀ መጽሐፍ አለ። ሚስቱ ሚልድረድ ትራሱን ላስተካክልልህ ብላ እጇን ስትሰድ መጽሐፉን ትዳስሰዋለች፤ ጣቶቿ ጠርዙን ተከትለው ይሄዳሉ፣ ፊቷ ይለዋወጣል። ባሏ ተይው ብሎ ይጮህባታል። ቢቲ ግን እንዳላየ ሆኖ ወሬውን ይቀጥላል።

የሚያወራው መጻሕፍት እንዴት እንደሞቱ ነው። ሕዝብ በዛ፤ ሬዲዮ፣ ሲኒማና ቴሌቪዥን መጡ፤ ብዙኃኑን በአንዴ ለማስደሰት ሲባል ሁሉም ነገር ማጠር ጀመረ። ታላላቅ ድርሰቶች ለሩብ ሰዓት የሬዲዮ ዝግጅት እንዲበቁ ተቆረጡ፤ ቀጥሎ በሁለት ደቂቃ ተነቦ ለሚያልቅ ዓምድ፤ በመጨረሻም ከመዝገበ ቃላት ለሚገባ ዐሥር ዐሥራ ሁለት መስመር። ከዚያ ደግሞ ማንም ቅር እንዳይለው ተባለ፤ ውሻ የሚወድ፣ ድመት የሚወድ፣ ሐኪሙ፣ ጠበቃው፣ ነጋዴው፣ የዚህኛው ሃይማኖት ተከታይ፣ የዚያኛው አገር ተወላጅ። ጸሐፊዎች ሰውን የሚያስቀይም ነገር ከመጻፍ ተቆጠቡ፣ መጽሔቶች ጣዕም አጡ፣ አንባቢም ጥሏቸው ሄደ። ቢቲ እንደሚለው ነገሩ ከመንግሥት አልመጣም። ዐዋጅ የወጣውና ክብሪት የተጫረው ሰዉ ራሱ መጻሕፍትን ከጣላቸው በኋላ ነው።

ይህን የሚያጠናክር ሌላ ምስክር አለ፤ ፌበር የተባለው አዛውንት። የሥነ ጽሑፍ ፕሮፌሰር ነበር። ከሥራው የተባረረው ፖሊስ መጥቶበት ሳይሆን ያስተምርበት የነበረው ኮሌጅ ተማሪ አጥቶ ስለተዘጋ ነው። ለሞንታግ የሚነግረውም መጽሐፍን እንደ ታቦት እንዲያከብር አይደለም፤ ሦስት ነገር እንደጎደለ ነው የሚነግረው፦ ጥራት ያለው ሐሳብ፣ ሐሳቡን የሚያብላሉበት ጊዜ፣ ያብላሉትን ተከትሎ የማድረግ መብት። መካከለኛውን ብቻ ይዘን ብንነጋገር እንኳ ለዚህ ዘመን ሰው ይበቃል። የሚልድረድ ሳሎን ሦስቱ ግድግዳ ቴሌቪዥን ነው፤ አራተኛው እንዲጨመርላት ትነዘንዛለች። ዋጋው 2,000 ዶላር ነው፤ ሞንታግ የዓመት ደመወዜ ሢሶ ነው ይላታል። እሷ ግን ይህን ከቁም ነገር አትቆጥረውም። ማንም አላስገደዳትም፤ ወዳና ከፍላ ነው የታጠረችው።

ብራድበሪ ይህን የጻፈው ከኑሮ ጋር እየታገለ ነበር። ቤቱ ሕፃናት ስላሉበት አያሠራውም፤ ቢሮ ለመከራየት አቅም የለውም። በሎስ አንጀለስ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ምድር ቤት ውስጥ ሳንቲም ሲጎርሱ ለግማሽ ሰዓት የሚሠሩ የኪራይ ታይፕራይተሮች ነበሩ። በእነሱ ላይ ተቀምጦ የመጀመሪያውን ረቂቅ ጨረሰ፤ ወጪው 9 ዶላር ከ80 ሳንቲም እንደነበረ ኋላ ተናግሯል። ረቂቁ በ1951 «ጋላክሲ» በተባለው መጽሔት ወጣ፤ ከዚያ አስፋፍቶ መጽሐፍ አደረገው። ናዚዎች በ1933 በርሊን ላይ መጻሕፍት ሲያነድዱ የታየበት ዘመን ሩቅ አልነበረም፤ በገዛ አገሩም ሴናተር ማካርቲ ጸሐፊዎችንና ምሁራንን የሚያስፈራሩበት ወቅት ነበር። ደራሲው ከላይ የሚመጣውን አፈና ጠንቅቆ እያወቀ ጣቱን ወደ ሳሎኑ መቀሰሩ ነው ትልቅነቱ።

አሁን ወደ ፊልሙ። ትሩፎ እንግሊዝኛ እምብዛም ሳይችል እንግሊዝ አገር ሄዶ የሠራው ብቸኛ የእንግሊዝኛ ፊልሙ ነው፤ የመጀመሪያ ባለቀለም ፊልሙም ይኸው ነው። ገና ሲጀምር የሠሪዎቹ ስም በስክሪኑ ላይ አይጻፍም፤ ካሜራው በየጣሪያው የተተከሉ የቴሌቪዥን አንቴናዎችን እያሳየ ድምፅ ብቻ ስማቸውን ይጠራል። ማንበብ በተከለከለበት ዓለም ተመልካቹም የሚያነበው ፊደል አያገኝም። እንዲህ ያለ ነገር ልብ ወለድ ሊያደርገው የማይችለው፣ ሲኒማ ብቻ የሚችለው ነው። ሞንታግ ጋዜጣ ሲያይም ጋዜጣው ሥዕል ብቻ ነው።

ከሁሉ የሚልቀው ሞንታግ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያነብበት ሌሊት ነው። ሚስቱ ተኝታለች። ፕሮግራም ያለቀበት ቴሌቪዥን ነጭ ብርሃን እየተፋ ነው፤ ሞንታግ በዚያ ብርሃን «ዴቪድ ኮፐርፊልድ»ን ይገልጣል። ጣቱን ከመስመሩ ሥር እያስኬደ፣ ፊደል እንደሚቆጥር ሕፃን እየተንተባተበ፣ ርዕሱን፣ የደራሲውን ስም፣ የአሳታሚውን አድራሻ ሳይቀር አንድ በአንድ ያነባል። የቱን ማንበብ የቱን መዝለል እንዳለበት አያውቅምና ሁሉንም እኩል ያከብራል። ይህን ትዕይንት ያየ ሰው መጽሐፍ በእጁ መያዙን እንደ ጸጋ ቢቆጥረው አይገርመንም።

ግን ትሩፎ የሚወደው መጽሐፍን ነው፤ ሕዝቡን የመመርመር ጉጉት የለውም። እሳቱ ሲነሳ ካሜራው ከገጾቹ አይነቀልም፤ ወረቀቱ ሲጠቁር፣ ሲጠቀለል፣ የሥዕል መጽሐፍ ገጾች በነፋስ ሲገለጡ፣ እሱ ራሱ ይጽፍበት የነበረው የሲኒማ መጽሔት ሲነድ ያሳየናል። ለዚህ ቦታ ሲያገኝ ፌበርን ከታሪኩ አውጥቶታል። በልብ ወለዱ ያሉት መካኒካል ውሻና ጦርነትም የሉም። ከሁሉ የሚያሳዝነን ግን የቢቲ ንግግር የደረሰበት ነው። በፊልሙ ካፒቴኑ የሚናገረው በአሮጊቷ ድብቅ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው፤ ልብ ወለድ ሰውን በኑሮው እንዳይደሰት ያደርጋል፣ ፍልስፍና እንደ ልብስ ፋሽን ይለዋወጣል ይላል፤ የእገሌ ወገን በዚህ መጽሐፍ ተቀይሟል የሚለውንም በጨረፍታ ያነሳል። አንባቢው አስቀድሞ እንደሸሸ፣ ሕጉ ዘግይቶ እንደመጣ ግን አይነግረንም። ያ ከጎደለ የሚቀረው ክፉ መንግሥት፣ ጥቁር ልብስ የለበሱ አቃጣዮችና ንጹሕ ሕዝብ ነው።

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህ ስዕል ቶሎ የሚገባ መሆኑን እናውቃለን። ሳንሱርን የምናውቀው ከላይ ሲመጣ ነውና። የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. ታትሞ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲውም በ1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። እንዲህ ያለ ቁስል ያለበት አንባቢ ፊልሙን ሲያይ «ይህን እናውቀዋለን» ቢል ትክክል ነው። መጽሐፉን አስቀድሙ የምንለው ግን በዚሁ ምክንያት ነው። የታገደ መጽሐፍ ፈላጊ አለው። ማንም ሳያግደው መደርደሪያ ላይ አቧራ የለበሰውን ማን ይፈልገዋል? ብራድበሪ የጠየቀው ይህን ሁለተኛውን ነው።

ፊልሙ መጽሐፉን የበለጠበትን ቦታ መሸፈን ደግሞ ፍርዳችንን ያጎድለዋል። በልብ ወለዱ ክላሪስ ገና መሐል ሳይደረስ ትጠፋለች፤ መኪና ገጭቷት ሞተች ይባላል፣ ነገሩ በዚያው ያልፋል። ትሩፎ በሕይወት አቆያት፤ ጁሊ ክሪስቲ ሚስቲቱንም ክላሪስንም ሆና ተጫወተች፤ ስለዚህ አንዷ ሴት በቴሌቪዥን ፊት ምን እንደምትሆን፣ በመጻሕፍት መካከል ምን ልትሆን እንደምትችል በአንድ ፊት ላይ አየን። ብራድበሪ ይህን ወደደው፤ በኋላ ራሱ ለመድረክ ባዘጋጀው ተውኔት ክላሪስን አልገደላትም።

መጨረሻውም የፊልሙ ይበልጣል። በሁለቱም ሞንታግ ሸሽቶ ጫካ ውስጥ ካሉ ሰዎች ጋር ይቀላቀላል፤ እያንዳንዳቸው አንድ መጽሐፍ በቃላቸው ይዘው በመጽሐፉ ስም ይጠራሉ። ልብ ወለዱ ከተማይቱን በቦምብ አውድሞ ስለ ፊኒክስ ወፍ ትንሽ ይሰብካል። ፊልሙ ግን ሐይቅ ዳር፣ በረዶ እየወረደ፣ ወዲያና ወዲህ እየተመላለሱ የሚያነበንቡ ሰዎችን ያሳያል። በዚያ ውስጥ አንድ አዛውንት ሞት ደጃፉ ቆሞ የስቲቨንሰንን ድርሰት ለአንድ ትንሽ ልጅ ያስጠናል፤ ልጁ ሲሳሳት እያረመ፣ ደግሞ እያስባለ። በረዶው ሲጥል ልጁ ብቻውን ይዘልቀዋል።

በአብነት ትምህርት ቤት ያለፈ ሰው ይህን ሲያይ እንግዳ አይሆንበትም። ዜማውና ቅኔው ከመምህር አፍ ወደ ደቀ መዝሙር ጆሮ ሲተላለፍ ነው የኖረው። ተማሪው ቃሉን ይዞ ከመምህሩ ፊት ይቀርባል፣ ከሳተ ይታረማል፣ ይመለሳል። ፊልሙ የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ይመስለናል። አዛውንቱና ልጁ ካልሆኑ በቀር ሐይቁ ዳር የሚመላለሱት ሁሉ ለየራሳቸው ያነበንባሉ፤ አንዱ የሌላውን አይሰማም፣ አይጠይቅም፣ አይከራከርም። ጽሑፉ ተረፈ፤ ፌበር የጠየቀው ማብላላት ግን የታለ? ትሩፎ መጽሐፉን ከእሳት አውጥቶ ንባቡን እዚያው ትቶታል።

በ2018 ራሚን ባህራኒ ለኤች ቢ ኦ የሠራውን አዲሱን ፊልም ረጅም ቦታ አንሰጠውም። የሞንታግን ሚስት ጨርሶ አውጥቷታል። ሳሎኑ ከሌለ ክሱ የለም።

ፍርዳችንን ያጸናው ማስረጃ ከሁለቱም ሥራዎች ውጭ የተፈጸመ ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 የመጽሐፉ አሳታሚ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የሚሆን እትም አወጣ። ስድብ የመሰለ ቃል ወጣ፣ ሰካራም የነበረው ሰው በሽተኛ ሆነ፤ በጠቅላላው 75 ያህል ቦታ ተነካካ። ደራሲው አልተጠየቀም፤ በሽፋኑም ላይ ምንም አልተባለም። በ1970ዎቹ ለተወሰኑ ዓመታት ለሁሉም ገዢ ይሸጥ የነበረው ይኸው የተቆረጠው እትም ብቻ ነበር፤ ብራድበሪ በ1979 ሲደርስበት ተቆጥቶ ሙሉው እንዲመለስ አደረገ። ይህን መንግሥት አላዘዘም፣ ፖሊስ አላስገደደም። ማንም ቅር እንዳይለው ያሰቡ አርታኢዎች ብዕራቸውን አነሱ፤ ቢቲ አልጋው አጠገብ ተቀምጦ የተናገረው ቃል በቃል ተፈጸመ።

ስለዚህ «ፋራናይት 451»ን ለሚያሳዩ የፊልም ክበቦችና ለሚያስተምሩ መምህራን የምናቀርበው ጥያቄ አለን። ፊልሙን አሳዩ፤ ያ የ«ዴቪድ ኮፐርፊልድ» ሌሊት ለማንም ወጣት ሊቀርበት አይገባም። ነገር ግን መብራቱ ከመጥፋቱ በፊት ቢቲ ሞንታግን ሊጠይቅ የመጣበትን ክፍል ከመጽሐፉ አውጥታችሁ ጮክ ብላችሁ አስነብቡ፤ ሲነበብም አትቁረጡት፣ አታሳጥሩት፤ ተነቦ ካበቃም በኋላ ታዳሚው እስኪጠግብ ይከራከርበት።