ኩሽኔታው አልቋል

ልጄ ባለፈው ወር አሮጌ ቮልስ ገዛ። የ1967 ሞዴል ነው፤ ዕድሜው ከእኔም ይበልጣል። ኦክላንድ ውስጥ፣ ቴሌግራፍ ጎዳና ላይ ቀስ ብሎ ሲነዳው ደህና ነው። በ880 አውራ ጎዳና ወደ ሳን ሆዜ ሲሄድ ግን መሪው እጁ ላይ ይወዛወዛል። ይህን ለአያቱ በስልክ ሲነግራቸው፣ «የትኛው መሪ? የእናንተ ነው የእኛ?» አሉት። አማርኛ ለመኪናውም ለአገሩም የሚጠቀመው አንድ ቃል ነው።

ሳን ሆዜ የሚኖረው ታላቅ ወንድሜ ወጣት ሳለ አዲስ አበባ ጋራዥ ውስጥ ይሠራ ነበር። ከልጄ ጋር «ደህና ነህ?» «ደህና ነኝ» ከተባባሉ በኋላ ወሬ ያልቅባቸዋል። ቅዳሜ ዕለት መጣና መሪውን ይዞ ወደ ላይና ወደ ታች ነቀነቀው።

«ኩሽኔታው አልቋል።»

«ጋሼ፣ ኩሽኔታ ምንድን ነው?»

ወንድሜ እንግሊዝኛው ጠፋበት። ወረቀት ላይ ሁለት ክብ ሣለ፤ በመካከላቸው ትናንሽ ኳሶች ጨመረ። «ቤሪንግ!» አለ ልጄ።

ቃሉ የመጣው ከጣልያንኛ ነው፤ ትርጉሙ «ትንሽ ትራስ» ማለት ነው። ካቻቢቴ፣ ክላክስ፣ ጎማም እንዲሁ ከጣልያንኛ የመጡ ናቸው። ፍሬቻ ደግሞ በጣልያንኛ ቀስት ማለት ነው።

የመሪው ኩሽኔታ ዘንጉን ከላይ ደግፎ ይይዛል። ሲያልቅ መሪው ወደ ላይና ወደ ታች ይነቃነቃል። መሪው ግራና ቀኝ ሲዞር ጎማው ቶሎ የማይከተል ከሆነ ግን ችግሩ ከታች ነው፤ ኩሽኔታ መቀየር አይጠቅምም፤ መካኒክ ይየው። ኤርባግ ያለውን መሪም ቤት ውስጥ አትፍቱ። አሜሪካ ውስጥ ከ1998 ሞዴል ጀምሮ በአዳዲስ የቤት መኪኖች ላይ ኤርባግ ግዴታ ነው። የእኛ ቮልስ የለውም።

መጀመሪያ ጎማዎቹን ቀጥ አድርገው አቆሙ። የባትሪውን ሽቦ ፈቱ። የክላክሱን ክዳን አነሱ፤ ከሥሩ ያለውን ትልቅ ዳዶ በ27 ቁጥር መፍቻ ፈቱ። ልጄ መሪውና ዘንጉ ላይ በቀለም ምልክት ላድርግ አለ። ወንድሜ «እኔ በዓይኔ አውቀዋለሁ» ብሎ ከለከለው። መሪውን ነቀሉ፤ የፍሬቻውን ማብሪያ አወጡ፤ ኩሽኔታው ታየ። ግራሶው ደርቆ ጥቁር ሆኗል። አዲሱን ግራሶ ቀብተው አስገቡ።

ማታ ሰፈር ውስጥ ነድተው ተመለሱ። መሪው አይወዛወዝም። ግን ጎማው ቀጥ ሲል መሪው ወደ ግራ ያዘነብላል፤ ዘንጉ ላይ አንድ ጥርስ ስተው ነበር የገጠሙት። ልጄ ምንም አልተናገረም። ወንድሜ መሪውን አየ፣ ልጁን አየ፣ ጃኬቱን እንደገና አወለቀ።

«ቀለሙን አምጣ» አለው። «27 ቁጥሩንም።»

ልጄ የትኛው መፍቻ እንደሆነ ሳይጠይቅ አመጣለት።