ቁጥጥር ከአደጋ በፊት ወይስ ከቀብር በኋላ? የቆሼ ትምህርት

መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ምሽት በአዲስ አበባ ረጲ፣ በተለምዶ ቆሼ በሚባለው ሥፍራ፣ የቆሻሻው ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎችን ገደለ። ከሟቾቹ ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን ታወጀ፤ ዕርዳታ ተሰበሰበ። ዛሬም ድረስ መልስ የሚሻው ጥያቄ ግን ከአደጋው በፊት የነበረውን አሠራር የሚመለከት ነው። ከክምሩ ግርጌ የሚኖር ዜጋ አስተዳደሩን ጠይቆ አጥጋቢ መልስ የሚያገኝበት መንገድ ነበረው ወይ?

ነገሩን ለመረዳት ወደ 2008 ዓ.ም. መመለስ ያስፈልጋል። ቆሼ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ የከተማዋን ቆሻሻ ሲቀበል ኖሮ በመሙላቱ፣ በፈረንሳይ መንግሥት የልማት ኤጀንሲ ድጋፍ ሰንዳፋ ላይ አዲስ ማስወገጃ ተሠርቶ በዚያ ዓመት ሥራ ጀመረ። የአካባቢው አርሶ አደሮች ግን ውኃችንና ከብቶቻችን ተጎዱ ብለው ተቃወሙ። ማስወገጃው ከወራት በኋላ ሥራ አቆመ፤ ቆሻሻውም ወደ ቆሼ ተመለሰ። ክምሩ የተናደው ዓመት ሳይሞላ ነው።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። የሰንዳፋ አርሶ አደር ቅሬታው ውሳኔ ያስለወጠው ተቃውሞው ጎልቶ ከወጣ በኋላ ነው። በቆሼ ዙሪያ ይኖሩ የነበሩት ደግሞ ብዙዎቹ ከዚያው ክምር ላይ በሚለቅሙት ዕቃ የሚተዳደሩ ናቸው፤ ከፊሎቹም በላስቲክ ቤት የሚኖሩ ነበሩ። የይዞታ ወረቀት የሌለው ሰው ወረዳ ሄዶ “ይህ ክምር ያሰጋኛል” ቢል፣ “ለመሆኑ አንተ እዚህ ማን አስፈረህ?” የሚል ጥያቄ ሊከተለው እንደሚችል ያውቃል። ለአደጋ ይበልጥ የተጋለጠው ዜጋ ለመጠየቅ ይበልጥ የሚፈራው መሆኑ የቁጥጥር ሥርዓታችን ትልቁ ክፍተት ነው።

በሕግ ረገድ ብዙ የሚጎድለን ነገር የለም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆን፣ ኃላፊነቱን ያጓደለ ባለሥልጣንም ተጠያቂ እንዲሆን ይደነግጋል። አዋጅ ቁጥር 590/2000 ደግሞ ማንኛውም ሰው ከመንግሥት አካል መረጃ ጠይቆ የማግኘት መብት እንዳለው አስፍሯል። ይሁንና መረጃ ለመጠየቅ በቅድሚያ መረጃው መኖሩን ማወቅ ይጠይቃል። የክምሩ ከፍታና ተዳፋት ተለክቶ እንደሆነ የማያውቅ ነዋሪ ምን ብሎ ማመልከቻ ይጽፋል?

ሙከራዎች አልነበሩም ማለት አይደለም። ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ በለጋሾች ድጋፍ የተካሄደው የማኅበራዊ ተጠያቂነት ፕሮግራም ተገልጋዮች ለአገልግሎት ነጥብ እንዲሰጡ፣ ከዚያም ከአገልግሎት ሰጪው ጋር ፊት ለፊት ተነጋግረው የጋራ ዕቅድ እንዲያወጡ አድርጓል። ትኩረቱ ግን ትምህርት፣ ጤና፣ ግብርና፣ ውኃና ሳኒቴሽን እንዲሁም የገጠር መንገድ ነበር። በጤና ጣቢያ መድኃኒት ሲጠፋ ተገልጋዩ ወዲያውኑ ያውቀዋል። ሊናድ የተቃረበ ክምር፣ የእሳት አደጋ መኪና የማይገባበት ሰፈር ወይም በጎርፍ የሚሸረሸር የወንዝ ዳር ግን ባለሙያ ሊለካውና ለሕዝብ ሊነግረው የሚገባ ነገር ነው።

የምርጫው መንገድም ቢሆን አስተማማኝ አልሆነም። በ2010 ዓ.ም. መካሄድ የነበረባቸው የአካባቢ ምርጫዎች ተላልፈዋል፤ የአዲስ አበባ ምክር ቤት ምርጫም የተካሄደው በሰኔ 2013 ዓ.ም. ነው። በካርዱ መቅጣት ያልቻለ ነዋሪ የቀረው የወረዳ ስብሰባ ነው። በእነዚህ መድረኮች ደግሞ ብዙውን ጊዜ ሪፖርት ይቀርባል፣ “አስተያየት” ይሰጣል፣ ቃለ ጉባዔ ይያዛል። ባለፈው ስብሰባ የተነሳው ቅሬታ የት ደረሰ ብሎ የሚጀምር ስብሰባ ግን ብርቅ ነው።

አስተዳደሮች የበጀትና የመሬት እጥረት አለብን ቢሉ እውነት አላቸው። ነገር ግን የሥጋት ሥፍራዎችን ዝርዝር በወረዳው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ መለጠፍ፣ የተመረመሩበትን ቀንና የመርማሪውን ተቋም ማሳወቅ፣ ለአቤቱታ ቁጥርና የመልስ ቀነ ገደብ መስጠት ከፍተኛ በጀት አይጠይቅም። ከሁሉም በላይ፣ ሥጋት ያመለከተ ነዋሪ በይዞታው ምክንያት እንደማይጠየቅ ዋስትና ሊሰጠው ይገባል።

በነሐሴ 2010 ዓ.ም. ረጲ ላይ ከቆሻሻ ኃይል የሚያመነጭ ጣቢያ ተመርቋል። ጣቢያው ለቆሻሻው አንድ መፍትሔ ሆኖ የቀረበ ነው። ለነዋሪው ጥያቄ መልስ የመስጠት ግዴታ ግን በማሽን አይተካም። ሕዝብ አስተዳደሩን የሚቆጣጠረው ሰው ከማለቁ በፊት መልስ ማግኘት ሲችል ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ማጣራት እንጂ ቁጥጥር ሊባል አይችልም።