«ሊኑክስ ጨዋታ አያውቅም» ያለው ማነው?

በዛሬው ጊዜ በሐረር ከተማ፣ ከጀጎል ግንብ ውስጥም ሆነ ከግንቡ ውጭ፣ ወጣቶች ከትምህርትና ከሥራ የሚተርፋቸውን ሰዓት ከሚያሳልፉባቸው ነገሮች አንዱ የቪዲዮ ጨዋታ መሆኑን የማያውቅ ወላጅ የለም። አንዳንዱ ወላጅ ነገሩን እንደ መቅሠፍት ይቈጥረዋል፤ ሌላው ደግሞ ልጄ ከመንገድ ላይ ቀረልኝ ብሎ ይደሰታል። የዛሬው ጽሑፌ በዚህ ክርክር ገብቶ ለመፍረድ አይደለም። ጨዋታው መቼም ወደ ከተማችን ገብቷል፤ ስለዚህ በምን ዓይነት መኪና፣ በማን ፈቃድና በስንት ብር እንደምንጫወተው መመርመሩ ይበልጥ ይጠቅማል ብዬ ስለማምን ነው።

ኮምፒዩተር ማለት ብረትና ሽቦ ብቻ አይደለም። ጨዋታም ይሁን የጽሕፈት ሥራ ከመከፈቱ በፊት የመኪናውን ክፍሎች ሁሉ እያዘዘ የሚያሠራ አንድ ዋና ፕሮግራም ያስፈልገዋል፤ ይህንንም ባለሙያዎች ሥርዓተ ክወና ይሉታል። በአገራችን በብዛት የታወቀው ዊንዶውስ ሲሆን፣ እርሱም ማይክሮሶፍት የተባለው ኩባንያ ንብረት ነው። ሊኑክስ ግን ከዚህ የተለየ ነው። በነሐሴ ወር 1983 ዓ.ም. ሊኑስ ቶርቫልድስ የተባለ የ21 ዓመት ዕድሜ ያለው የፊንላንድ ተማሪ ሥራውን ለዓለም አስታወቀ፤ ብዙም ሳይቈይ ማንም ሰው እንዲያየው፣ እንዲያሻሽለውና ለሌላው እንዲያድለው ፈቀደ። ከዚያ ወዲህ በየአገሩ ያሉ በሺህ የሚቈጠሩ ባለሙያዎች እየተባበሩ አሳደጉት። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ማለት እንግዲህ ይህ ነው።

ታዲያ ያለ ዋጋ የሚገኝ ከሆነ ወጣቶቻችን ለምን አይጠቀሙበትም? ቢጠየቁ መልሳቸው አንድ ነው፤ «ሊኑክስ ጌም አይከፍትም» ይላሉ። ይህ አባባል ለብዙ ዓመታት እውነት ነበር። ጨዋታ የሚሠሩት ኩባንያዎች ፕሮግራሞቻቸውን የሚጽፉት ዊንዶውስ በሚገባው አኳኋን ብቻ ስለ ነበረ፣ ሊኑክስ ትእዛዙን ሰምቶ ሊፈጽም አይችልም ነበር። ዛሬ ግን አባባሉ አርጅቷል፤ ያረጀበትንም ምክንያት ለሐረር ሰው ማስረዳት አያስቸግርም።

በከተማችን ገበያ ሐረሪው፣ ኦሮሞው፣ ሶማሌውና አማራው ሲገበያዩ ኖረዋል። ሻጭና ገዥ አንዱ የሌላውን ቋንቋ ባያውቅ ገበያው አይፈርስም፤ ሁለቱንም የሚያውቅ ሰው መካከል ገብቶ ያግባባቸዋል። በኮምፒዩተሩም ዓለም የሆነው እንዲሁ ነው። በ1985 ዓ.ም. «ዋይን» የሚባል፣ የዊንዶውስን ትእዛዝ ለሊኑክስ የሚያስረዳ ሥራ ተጀመረ። በነሐሴ ወር 2010 ዓ.ም. ደግሞ «ስቲም» የተባለውን ትልቅ የጨዋታ ገበያ የሚያስተዳድረው ቫልቭ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ፣ በዋይን ላይ ተመሥርቶ «ፕሮቶን» የሚባለውን አስተርጓሚ አወጣ። ፕሮቶን የዊንዶውስን የሥዕል ትእዛዝ «ቩልካን» ወደሚባለው ቋንቋ እየለወጠ ስለሚያቀርብ፣ ለሊኑክስ ተብለው ያልተሠሩ በብዙ ሺህ የሚቈጠሩ ጨዋታዎች በሊኑክስ ላይ ይከፈታሉ። በየካቲት ወር 2014 ዓ.ም. ገበያ ላይ የዋለው በእጅ የሚያዘው «ስቲም ዴክ» የተባለው መጫወቻ ራሱ የሚሠራው በሊኑክስ ነው።

ቫልቭ ይህን ያደረገው ለጽድቅ ብሎ አይደለም። የኩባንያው መሪ ጌብ ኒውዌል ገና በ2004 ዓ.ም. ዊንዶውስ 8 ለሥራቸው አደጋ መሆኑን በአደባባይ ተናግረው ነበር፤ ማይክሮሶፍት የራሱን ሱቅ ከፍቶ በሩን ቢዘጋባቸው መውጫ እንዲኖራቸው ፈለጉ። ነጋዴ ለጥቅሙ የቈፈረው ጕድጓድ ውኃው ለጎረቤት ከተረፈ ግን ጎረቤት የማይቀዳበት ምክንያት የለም።

ነገር ግን አንባቢን ማታለል አይገባም፤ እስካሁን የተዘጋ በር አለ። በማኅበር በኢንተርኔት የሚካሄዱ ብዙ ጨዋታዎች አጭበርባሪ ተጫዋችን የሚከላከል ዘበኛ አላቸው። ይህ ዘበኛ አንዳንድ ጊዜ በደጅ ቆሞ መጠበቁን ትቶ እስከ ኮምፒዩተሩ እልፍኝ ድረስ ልግባ የሚል ነው፤ ሊኑክስም እንዲህ ላለው እንግዳ እልፍኙን አይለቅም። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ከእነዚህ ዘበኞች ሁለቱ፣ ኢዚ አንቲ ቺትና ባትልአይ የሚባሉት፣ ከፕሮቶን ጋር ሊስማሙ እንደሚችሉ ተነግሮ ነበር። ሆኖም ቁልፉን ማዞር የጨዋታው ባለቤት ፈቃድ ነው። ፎርትናይት አልፈቀደም፤ ኤፔክስ ሌጀንድስም ፈቅዶ ከቈየ በኋላ በጥቅምት ወር 2017 ዓ.ም. በሩን መልሶ ዘጋ። ከሁሉ ይልቅ የእኛን ልጆች የሚነካው የእግር ኳሱ ነው፤ ከመስከረም 2015 ዓ.ም. ጀምሮ፣ ማለት ከፊፋ 23 ወዲህ፣ የኢኤ ኩባንያ የኮምፒዩተር እግር ኳስ በራሱ ዘበኛ ምክንያት በሊኑክስ ላይ አይከፈትም። በስቲም ቈጠራ የሊኑክስ ተጫዋች በ2018 ዓ.ም. መጀመሪያ ከመቶ 3 ያህል ብቻ ስለ ነበረ፣ ባለ ኩባንያዎቹ ብዙ አይጨነቁለትም።

እንግዲህ «እግር ኳሱ ካልተከፈተ ምን ይጠቅመናል?» የሚል ይኖራል። ይጠቅመናል። ምክንያቱም የቀድሞው መንገዳችን ራሱ እየተዘጋ ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ጥበቃ በጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከ2009 ዓ.ም. በፊት የተሠሩትን አብዛኞቹን ኮምፒዩተሮች አይቀበልም። በእጃችን ያለው መኪና ብዙው ሌላ ሰው ተጠቅሞበት ወደ እኛ የመጣ ነው። ዊንዶውስ 11ን በሕጋዊ መንገድ ልግዛ የሚል ሰው ዋጋው በአሜሪካ 139 ዶላር ነው፤ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ አንዱ ዶላር ከ100 ብር በላይ ስለ ሆነ፣ በ100 ብር ቢታሰብ እንኳ 13,900 ብር ይሆናል። ይህን ከፍሎ የሚጫወት ልጅ ወይም የሚያጫውት ባለ ቤት የት አለ?

ስለዚህ ሁላችንም የምናውቀው ነገር ይሆናል፤ በፍላሽ የተቀዳ፣ ቁልፉ የተሰበረ ዊንዶውስ ይጫናል። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የኮምፒዩተር ፕሮግራም እንደ መጽሐፍ ሁሉ የደራሲው ንብረት ነው። ከሕጉም ሌላ፣ ቁልፍ ሰባሪው ምን ጨምሮ እንደ ላከልን አናውቅም፤ ቫይረስ የሚገባው፣ የተማሪ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚጠፋው በዚሁ ቀዳዳ ነው። የሰው ወርቅ አያደምቅ ብለው አባቶቻችን የተናገሩት ለጌጥ ብቻ አይመስለኝም። ሊኑክስን ግን ከእጅ ወደ እጅ በፍላሽ ማስተላለፍ የተፈቀደ ነው፤ አንድ ሰው አንድ ጊዜ ቢያወርደው ለመንደሩ ሁሉ ይበቃል።

የሚቃወሙኝ ሰዎች አንድ ትክክለኛ ነጥብ አላቸው። ፕሮቶን ቩልካንን የሚፈልግ ስለ ሆነ፣ የሥዕል ክፍላቸው ያረጀ ኮምፒዩተሮች ትልልቆቹን ጨዋታዎች ሊያስኬዱ አይችሉም። ስቲም ላይ የሚሸጡትም ብዙ ጊጋባይት ስለሚመዝኑ የኢንተርኔቱ ወጪ ቀላል አይደለም። ነገር ግን ለሊኑክስ ተብለው የተሠሩ፣ ያለ ዋጋ የሚታደሉ ጨዋታዎች አሉ፤ ሱፐርታክስካርት የሚባለው የመኪና እሽቅድምድም፣ ባትል ፎር ዌስኖዝ የሚባለው የጦር ስልት ጨዋታ፣ ለሕፃናት ፊደልና ቍጥር የሚያስተምረው ጂኮምፕሪስ፣ እንዲሁም ዜሮ ኤዲ የተባለው የጥንት መንግሥታት ጨዋታ ይገኛሉ። በዚህ በመጨረሻው ከሮማና ከፋርስ ጋር የጎረቤታችን የኩሽ መንግሥት ሠራዊት ተሰልፎ ይታያል።

ከዚህም የሚበልጥ ነገር አለ። በመኪና ግርግር የሚሠሩት ልብስ ሰፊዎቻችን የተዘጋጀ ልብስ ሲመጣላቸው ፈትተው፣ ቈርጠው፣ በልክ አድርገው ይመልሱታል። ፈትቶ ማየት የሚችል ሰው መስፋትም ይማራል። ዊንዶውስ ተሰፍቶ የታሸገ ልብስ ነው፤ ሊኑክስ ግን ስፌቱ ለሚያየው ሁሉ የተገለጠ ነው። በኪሳችን የያዝነው የአንድሮይድ ስልክ እንኳ እምብርቱ ሊኑክስ ነው፤ ቅኔ ጌምስ የተባለው የአዲስ አበባ ድርጅት «ኩኩሉ» የተባለችውን የዶሮ ጨዋታና የአባቶቻችንን ገበታ ለስልክ ሲያዘጋጅ፣ ኢትዮጵያዊም ሠሪ ሊሆን እንደሚችል አሳይቷል። ጐዶ የሚባለው የጨዋታ መሥሪያ ፕሮግራምም በሊኑክስ ላይ ያለ ክፍያ ይሠራል። የጀጎልን ጠባብ መንገዶችና አምስቱን ጥንታዊ በሮች፣ ማታ ማታ የሚመጡትንም ጅቦች በጨዋታ ሊያሳየን የሚገባው የውጭ አገር ሰው ነውን?

እንግዲህ የምለምነው ከባድ ነገር አይደለም። ትምህርት ቤቶችና የወጣት ማእከላት ዊንዶውስ 11 አልቀበልም ያላቸውን ኮምፒዩተሮች እንደ ቍርጥራጭ ብረት ከመጣላቸው በፊት ሊኑክስን ይጫኑባቸው። የጨዋታ ቤት ባለቤቶችም እግር ኳሱን ባለበት ትተው፣ ከመኪናዎቻቸው በአንዱ ላይ ብቻ ለአንድ ወር ይሞክሩት፤ ደንበኛ ካልመጣ ማጥፋት ነው፤ የሚከስሩት ግማሽ ቀን ድካም ብቻ ነው። ወላጆችም ልጁ ስንት ሰዓት እንደ ተጫወተ ከመጠየቅ ጋር፣ የተጫወተበት ነገር እንዴት እንደ ተሠራ ያውቅ እንደ ሆነ ይጠይቁት። መልሱ «አላውቅም» ከሆነ፣ የሚማርበት መሣሪያ ያለ ዋጋ ተዘርግቶ ይጠብቀዋል።