የኩፍኝ ዘመዶች

አያቶቻችን ስለ ክፉ ቀን ሲያወሩ አስቀድመው የከብቱን ማለቅ ያነሡ ነበር። በ1880ዎቹ መጀመሪያ በሬውን የፈጀው የደስታ በሽታ ነው፤ ስሙ ደስታ ይሁን እንጂ ያመጣው ረኀብ ነበር። ቫይረሱ የኩፍኝ የቅርብ ዘመድ ነው። ጆሮ ደግፍና የዶሮው ፈንግልም ከዚያው የአር ኤን ኤ ቫይረሶች ቤተሰብ ናቸው።

የከብቱ በሽታ በክትባት ተሸንፎ በ2003 ዓ.ም. ከምድር መጥፋቱ ታወጀ። ኩፍኝ ግን ዛሬም ልጅ ይገድላል። «የታመመ ልጅ አላስጠጋም» ማለት አይበቃም፤ ሽፍታው ከመውጣቱ 4 ቀን ቀድሞ ይተላለፋል፤ ታማሚው ከወጣ በኋላም ቫይረሱ ክፍሉ ውስጥ ለ2 ሰዓት ያህል አየር ላይ ይቆያል።

የሚያሳዝኑኝ 9ኛ ወር ላይ አስከትበው ካርዱን ሣጥን ውስጥ የሚቆልፉ ወላጆች ናቸው። በዚያ ዕድሜ ከተከተቡ 100 ልጆች በ15 ያህሉ ላይ ክትባቱ አይሠራም። በ15ኛው ወር የሚሰጠው ሁለተኛ መርፌ ለእነዚያ ነው። ወሩ ያለፈበትም ጤና ጣቢያ ሄዶ ይጠይቅ።

ልጁ ከታመመ ጨለማ ቤት ዘግታችሁ አትጠብቁ፤ ዓይኑን ከመታወር የሚያተርፈው ቫይታሚን ኤ 2 ቀን በተከታታይ ይሰጠዋል። ጤና ጣቢያ ስትደርሱ ግን ገና በሩ ላይ «ሽፍታ አለው» በሉ፤ ከሌሎች ሕፃናት ጋር ተራ እንዳይጠብቅ።