አንዲት ኳስ በአንድ ምት

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል። የጎልፍ ተጫዋቾች ከሚያወሩት ጉድ ሁሉ የበለጠው ደግሞ፥ ከመነሻው ቦታ አንድ ጊዜ ብቻ የተመታች ኳስ መቶ ወይም መቶ ኀምሳ ሜትር ተጕዛ፥ ዐርፋና ተንከባልላ፥ ከጉድጓዱ ስትገባ ነው። ይህን ያደረገው ሰው በጨዋታ የሚተዳደር ባለሙያ ሳይሆን፥ በዕረፍት ቀኑ ወደ ሰፈሩ ሜዳ የሚሄድ አማተር ሲሆን ወሬው ዕጥፍ ይሆናል። እኛም ዛሬ ይህ ነገር ምን ያህሉ የዕድል፥ ምን ያህሉስ የትጋት ሥራ እንደ ሆነ ለመመርመር፥ ከዚያም ለተማሪውና ለወጣቱ የመንግሥት ሠራተኛ የሚበጅ ትምህርት ይገኝበት እንደ ሆነ ለማየት አስበናል።

በገና ጨዋታ ጥንግ በዱላ የመታ ወጣት የነገሩን ጣጣ ለመረዳት አይቸግረውም። ሙሉ የጎልፍ ሜዳ 18 ጉድጓዶች አሉት። የጉድጓዱ አፍ ስፋት 108 ሚሊ ሜትር ሲሆን፥ ይህም ልክ የተወሰነው እንደ ኤውሮፓውያን አቈጣጠር በ1891 ዓ.ም. ነው፤ ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸውም ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ናቸው። የኳሷ ስፋት ከ42.67 ሚሊ ሜትር አያንስም። ለእያንዳንዱ ጉድጓድ ጥሩ ተጫዋች ሊጨርስበት የሚገባው የምት ቍጥር ተመድቦለታል፤ አጭሮቹ በሦስት ምት እንዲያልቁ የታሰቡት ናቸው። እነዚህም በብዙ ሜዳ ላይ አራት ያህል ሲሆኑ፥ በአንድ ምት የማስገባት ነገር የሚታየው በአብዛኛው በእነርሱ ላይ ነው።

በጎልፍ ዓለም ዘወትር የሚጠቀሰው ግምት፥ አንድ መካከለኛ አማተር አጭሩን ጉድጓድ በአንድ ምት የማግኘቱ ዕድል ከ12,500 አንድ ነው ይላል። እስቲ እናስላው። በየሳምንቱ አንድ ጊዜ 18ቱንም የሚጫወት ሰው አጭሮቹን ጉድጓዶች በዓመት 200 ጊዜ ያህል ይሞክራል። እንግዲህ 12,500 ሙከራ ለመሙላት ከ60 ዓመት በላይ ያስፈልገዋል ማለት ነው። ስለዚህ አብዛኛው ሰው ዕድሜውን ሁሉ ተጫውቶ ሳያገኘው ቢቀር አያስደንቅም።

ይኸውም ሂሳብ በሌላ በኩል ሲታይ ሌላ መልክ አለው። 300 አባሎች ያሉት ማኅበር ቢኖርና ሁሉም በየሳምንቱ ቢጫወቱ፥ በዓመት 60,000 ሙከራ ይደረጋል፤ ከዚህም ውስጥ በአማካይ አምስት ያህሉ በአንድ ምት ይገባሉ። ለግለሰቡ ተአምር የሚመስለው ነገር ለማኅበሩ የተለመደ ነው። ሎተሪም እንዲሁ ነው፤ ለአንድ ሰው መውጣቱ አይቀርም፤ የወጣለት ሰው ግን ቍጥሩን በብልኀቴ መረጥሁት ብሎ ቢኰራ እንስቅበታለን።

ታዲያ ሁሉም ነገር ዕድል ነው እንበልን? አንልም። ያው ግምት በሙያው ለሚተዳደረው ተጫዋች ከ2,500 አንድ ይሰጠዋል። ባለሙያው ከአማተሩ አምስት እጅ የበለጠ ዕድል ያገኘው በልምምድ ኳሱን ደጋግሞ ከጉድጓዱ አጠገብ ስለሚያሳርፍ ነው። ትጋት ዕድልን ትጠራለች፤ ልታዝዘው ግን አትችልም። ባለሙያውም ቢሆን 2,499ኙን ጊዜ ሳይገባለት ይቀራል።

ከዕድልና ከትጋት ሌላ ደግሞ ሦስተኛ ነገር አለ፤ እርሱም ሌላ ሰው ያሰናዳው ሁኔታ ነው። በሰኔ ወር 1989 ዓ.ም. በአሜሪካ ኦክ ሂል በተባለው ሜዳ በተደረገው የዩናይትድ ስቴትስ ኦፕን ውድድር፥ ዳግ ዊቨር፥ ማርክ ዊብ፥ ጄሪ ፔትና ኒክ ፕራይስ የተባሉ አራት ባለሙያዎች ስድስተኛውን ጉድጓድ በአንድ ቀን፥ ያውም ሁለት ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ፥ እያንዳንዳቸው በአንድ ምት አስገቡ። አራቱም የተጠቀሙበት ሰባት ቍጥር የብረት መምቻ ነበር። በዚያን ቀን ጉድጓዱ የተቈፈረው አልፎ የወደቀ ኳስ ተመልሶ ወደ እርሱ በሚንከባለልበት ተዳፋት ግርጌ ነበር። ስማቸው በጋዜጣ የወጣው መቺዎቹ ናቸው፤ ማለዳ ተነሥቶ ጉድጓዱን በዚያ ቦታ የቈፈረውን ሠራተኛ ስም ግን የሚያስታውሰው ጥቂት ሰው ነው። በየመሥሪያ ቤቱም ፋይሉን ያሰናዳው ጸሐፊ ተረስቶ የፈረመው ብቻ ሲመሰገን ስንቴ አይተናል!

የተሳካለት አማተር በማኅበሩ ቤት የተገኙትን ሁሉ መጋበዝ አለበት የሚለው ልማድ በብዙ አገር የታወቀ ነው። በጃፓን ግብዣውና ስጦታው እጅግ ስለሚከብድ፥ ተጫዋቾች ለዚሁ ወጪ ኢንሹራንስ እስከ መግባት ደርሰዋል። ልማዱን እንወደዋለን። ያለ ድካም የመጣን ደስታ ለብቻ ከመያዝ ለባልንጀራ ማካፈል ይገባልና።

ከሁሉ ይልቅ ልባችንን የሳበው ግን የምስክር ነገር ነው። ብቻውን የሚጫወት ሰው ኳሴ በአንድ ምት ገባችልኝ ቢል፥ በብዙ ማኅበር ልማድ ስሙ ከመዝገብ አይገባም፤ ያየለት ሰው ሊፈርምለት ያስፈልጋል። ጥንቃቄው ተገቢ ነው። የጨዋታው ክብር የሚፈተነው ግን ምስክር በሌለበት ጊዜ ነው። ለዚህም ከአማተሮች ሁሉ ስመ ጥር የሆነው የአሜሪካው ቦቢ ጆንስ ምሳሌ ነው። በ1925 ዓ.ም. በዉስተር ከተማ በተደረገው የዩናይትድ ስቴትስ ኦፕን ላይ ለመምታት ሲሰናዳ ኳሱ ጥቂት ተነቃነቀች። ከእርሱ በቀር ያየ አልነበረም። እርሱ ግን ራሱን ከሶ በራሱ ላይ አንድ ምት አስቈጠረ። በመጨረሻም ከዊሊ ማክፋርሌን ጋር እኩል ሆነና በመለያው ጨዋታ ተሸነፈ። ያችን አንዲት ምት ዝም ቢል ኖሮ ዋንጫው የእርሱ ነበር። በእኛ አስተያየት ያች ራሱ ያስቈጠራት ምት፥ በዓለም ላይ በአንድ ጊዜ ተመትተው ከገቡት ኳሶች ሁሉ ትበልጣለች።

የጎልፍ ተጫዋቾችም የአማተርን ችሎታ የሚመዝኑት በአንድ ምት አይደለም። ከ2020 ዓ.ም. ጀምሮ በሚሠራበት የዓለም መመዘኛ፥ የአንድ ተጫዋች ደረጃ የሚወጣው በመጨረሻ ከተጫወታቸው 20 ጨዋታዎች የተሻሉት ስምንቱ ተወስደው በአማካይ ሲሰሉ ነው። አንዲቱ ዕድለኛ ምት በዚህ ስሌት ውስጥ ብትገባም ደረጃውን የምትለውጠው በጥቂቱ ነው።

እንግዲህ ወጣቱ አንባቢያችን ራሱን በዚህ ሚዛን እንዲመዝን እንመክራለን። ተማሪው ያላጠናው ጥያቄ በአጋጣሚ ቢመለስለት ደስ ይበለው፤ ዐዋቂ ሆንሁ ግን አይበል። በቶሎ የተሾመው ወጣትም ለሹመቱ ያበቃው ችሎታው ብቻ እንደ ሆነ ከመቍጠሩ በፊት፥ ከእርሱ ጋር ተምረው፥ እንደ እርሱ ደክመው፥ በሩ ግን ያልተከፈተላቸውን ባልንጀሮቹን ያስብ። እንዲህ ያሰበ ሹም ባለጉዳይ አያመናጭቅም። ያልተሳካለትም ተስፋ አይቍረጥ፤ ቀስ በቀስ እንቍላል በእግሩ ይሄዳልና፥ ኳሱን በየጊዜው ከጉድጓዱ አጠገብ ማሳረፍ ይልመድ። አንድ ቀን ብትገባለት እሰየው፤ ባትገባለትም ሥራውን ደኅና አድርጎ ሠርቷል።