የበረዶ ውሃ ለደከመ እግር፦ መድኃኒት ወይስ ማደንዘዣ?

የዚህ ወር ጨዋታችን የሚነሳው ከአንድ በርሜል ውሃ ነው።

በማስተምርበት ትምህርት ቤት ሩጫ የሚወድ አንድ የ11ኛ ክፍል ተማሪ አለ። ሱብሒ ሰግዶ ይወጣል፤ ዳገቱን ወጥቶ፥ ቁልቁለቱን ወርዶ፥ ለመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ይደርሳል። የዞን ውድድር መቃረቡን ሲሰማ በሳምንት የሚሮጠውን ርቀት በአንድ ጊዜ እጥፍ አደረገው። ብዙም ሳይቆይ ሲያነክስ አየሁትና ጠራሁት።

«ምነው፥ እግርህን ምን ሆንክ?»

«ምንም አይደል ኡስታዝ። ማታ በረዶ ውስጥ ስገባ ይተወኛል።»

«ከተወህማ ጥሩ ነው» ብዬ አሰናበትኩት። ይህች መልሴ እስከ ዛሬ ትቆጨኛለች፤ ምክንያቱን ወደ መጨረሻው ትደርሱበታላችሁ።

ከሳምንት በኋላ እናቱ ትምህርት ቤት ድረስ መጡ። ልጃቸው ከሰፈሩ ባለሱቅ ጋር ተስማምቶ ውሃ በላስቲክ እየቋጠረ በማቀዝቀዣ እንደሚያስረጋ፥ ማታ ማታ በረዶውን በርሜል ውስጥ ገልብጦ እስከ ወገቡ እንደሚገባበት ነገሩኝ። «ኡስታዝ፥ እባክዎ ይምከሩልኝ። ልጄን ብርድ ሊገድልብኝ ነው» አሉ። ልጁን ስጠይቀው ደግሞ ስመ ጥር ሯጮች በረዶ በተሞላ ገንዳ ውስጥ ተቀምጠው የሚታዩበትን ፊልም በሞባይል ስልኩ አሳየኝና «እነሱ የሚያደርጉትን ነው ያደረግሁት» አለኝ። እናት ብርድ ሁሉ በሽታ ነው ይላሉ፤ ልጅ በረዶ ሁሉ መድኃኒት ነው ይላል። ታዲያ እውነቱ የቱ ጋ ነው?

ሕመሙ ከየት ይመጣል?

ከረጅም ሩጫ በኋላ እግር የሚታመመው «አሲድ ተጠራቅሞ ነው» ሲባል እንሰማለን። እኔም በተማሪነቴ የተማርኩት ይህንኑ ነበር። ይሁን እንጂ በሩጫ ጊዜ የሚበዛው ላክቲክ አሲድ ሩጫው ባበቃ በአንድ ሰዓት ገደማ ከደም ውስጥ ይጠረጋል። ሕመሙ ግን የሚብሰው በማግስቱ ነው፤ ከ24 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ ጫፍ ይደርሳል። ስለዚህ ጥፋተኛው አሲዱ አይደለም።

ጡንቻ ባልለመደው መጠን ሲሠራ፥ በተለይም ቁልቁለት ስንወርድ እየተለጠጠ ክብደታችንን ሲሸከም፥ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ጉዳቶች ይደርሱበታል። ሰውነትም ወዲያውኑ ጠጋኞቹን ይልካል። ወደ ሥፍራው ደም ይጎርፋል፤ ነጭ የደም ሕዋሳት የተጎዳውን ያጸዳሉ፤ በምትኩም አዲስ ይሠራል። ሐኪሞች ብግነት የሚሉት ይህ መቆጣት እብጠትና ሕመም አለበት። ጡንቻው ግን ከጥገናው በኋላ ከቀድሞው ይበልጥ ጠንክሮ ይነሳል። ልምምድ የሚሉትም ይህንኑ ነው፤ መድከም፥ መጠገን፥ መጠንከር።

በረዶው ምን ይሠራል?

ሰውነት ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሲገባ የደም ሥሮች ይጠባሉ፤ እብጠቱም ይቀንሳል። ነርቮች መልእክት የሚያደርሱበት ፍጥነት ስለሚዘገይ ሕመሙ ይደነዝዛል። ውሃው ራሱም ከውጭ እየተጫነ በእግር የተጠራቀመውን ፈሳሽ ወደ ላይ ይገፋል። እንግዲህ ተማሪዬ «ይተወኛል» ያለው ውሸት አልነበረም።

ልማዱ በዓለም ሯጮች ዘንድ የቆየ ነው። እንግሊዛዊቷ ፓውላ ራድክሊፍ እ.ኤ.አ. በ2002 በሙኒክ የአውሮፓ ሻምፒዮና የ10,000 ሜትር ወርቅ ስታገኝ የበረዶ ውሃ እንደጠቀማት ተናግራ ነበር። ከዚያ ወዲህ ብዙዎች ተከትለዋታል።

ተመራማሪዎችስ ምን አገኙ? ኮክሬን የተባለው የሕክምና ጥናቶችን የሚመዝን ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው ግምገማ 366 ሰዎች የተሳተፉባቸውን 17 ትናንሽ ጥናቶች መርምሯል። ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ የገቡት ሰዎች ዝም ብለው ካረፉት ይልቅ በቀጣዮቹ ቀናት ሕመማቸው እንደቀለለ የሚያሳይ ማስረጃ ተገኝቷል። እስከዚህ ድረስ ልጁ ረቷል ማለት ነው።

ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2014 በአውስትራሊያ የተደረገ ሌላ ጥናት አስገራሚ ነገር አመጣ። 30 ወንዶች ከከባድ እንቅስቃሴ በኋላ በሦስት ተከፈሉ። አንዱ ቡድን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ገባ፤ ሁለተኛው ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ገባ። ሦስተኛው ቡድንም ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ነው የገባው፤ ነገር ግን ውሃው ውስጥ ድካም የሚያወጣ ልዩ ዘይት እንደተጨመረበት ተነገረው። የተጨመረው ተራ የቆዳ መታጠቢያ ሳሙና ነበር! ውጤቱ ሲታይ በሳሙናው ያመኑት ሰዎች የእግር ጉልበት መልሶ በማግኘት ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ከገቡት አላነሱም። ስለዚህ በረዶው ከሚሠራው ከፊሉን የሚሠራው እምነታችን ነው ማለት ነው።

የበለጠ የሚያሳስበው ግን እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመው ጥናት ነው። 21 ወንዶች ለ12 ሳምንታት የጉልበት ልምምድ ሠሩ። ግማሾቹ ከእያንዳንዱ ልምምድ በኋላ በ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ውሃ ውስጥ 10 ደቂቃ ተቀመጡ፤ ሌሎቹ በቀስታ ብስክሌት እየነዱ ሰውነታቸውን አፍታቱ። በመጨረሻ ሲለኩ በጡንቻ መጠንም በጉልበትም ብልጫ ያገኙት ብስክሌት የነዱት ሆኑ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። በረዶው ያበረደው ሕመሙን ብቻ ሳይሆን ጡንቻውን የሚያሳድገውን ሥራም ነው። በእርግጥ የረጅም ርቀት ሯጭ ትንፋሽና የልብ ብቃት ላይ ተመሳሳይ ጉዳት በግልጽ አልታየም። ነገር ግን ሯጭም ቢሆን የሚሮጠው በጡንቻው ነው፤ በማደግ ላይ ያለ ወጣት ደግሞ ይበልጡን።

እዚህ ላይ አንድ ሐኪም ሊነሱ ይገባል። አሜሪካዊው ዶክተር ጌብ ሚርኪን እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተሙት መጽሐፍ ለተጎዳ አካል «ዕረፍት፥ በረዶ፥ ማሰር፥ ከፍ ማድረግ» የሚለውን አራት ደረጃ ያለው ደንብ ለዓለም ያስተዋወቁ ናቸው። እኚሁ ሰው እ.ኤ.አ. በ2014 በረዶም ሆነ ሙሉ ዕረፍት ፈውስን ሊያዘገይ እንደሚችል ጽፈው የራሳቸውን ደንብ አረሙ። ስሙ በገነነበት ነገር «ተሳስቼ ነበር» የሚል አዋቂ ስንቱ ነው?

ታዲያ ለማን ይጠቅማል?

በኢትዮጵያ ተወልዳ ለኔዘርላንድስ የምትሮጠውን ሲፋን ሐሰንን አስታውሱ። እ.ኤ.አ. በ2024 በፓሪስ ኦሊምፒክ ነሐሴ 5 ቀን በ5,000 ሜትር፥ ነሐሴ 9 ቀን በ10,000 ሜትር የነሐስ ሜዳሊያ አገኘች። ከዚያም ሁለት ቀን እንኳ ሳይሞላ፥ ነሐሴ 11 ቀን ጧት፥ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ22 ደቂቃ ከ55 ሰከንድ አሸነፈች። እንዲህ ያለ መርሐ ግብር የተደቀነበት ሯጭ ጥያቄው «በስድስት ወር ውስጥ እንዴት ልጠንክር?» ሳይሆን «ነገ እንዴት ልቁም?» የሚል ነው። የግንባታው ጊዜ አልፏል፤ የቀረው መከሩን መሰብሰብ ነው። ለዚህ ዓይነቱ ሯጭ ሕመምን ለጥቂት ቀናት ማስታገስ ዋጋ አለው።

ለውድድር ወራት የቀሩት ተማሪ ግን ገና እየዘራ ነው። በየቀኑ በረዶ ውስጥ ሲገባ የዘራውን እየነቀለ እንዳይሆን ያሰጋል።

የበረዶ ውሃ ያለ ክርክር ሕይወት የሚያድንበት አንድ ቦታም አለ። ሯጭ በሙቀት ምት ሲወድቅ፥ የሰውነቱ ሙቀት ከ40 ዲግሪ በላይ ወጥቶ ሲቀባጥር ወይም ራሱን ሲስት፥ ከሁሉ የሚቀድመው ሰውነቱን ቶሎ ማቀዝቀዝ ነው። በአሜሪካ ፋልማውዝ በምትባል ከተማ በየበጋው በሚካሄደው ሩጫ በ18 ዓመታት መዝገብ 274 ሯጮች በሙቀት ምት ታመው ነበር። በሥፍራው በተዘጋጁ የበረዶ ውሃ ገንዳዎች ፈጥነው ይታከሙ ስለነበር ሁሉም ድነዋል። እንዲህ ያለ ነገር ቢገጥማችሁ እርዳታ እየጠራችሁ፥ በሽተኛውን ጭንቅላቱን ደግፋችሁ ያገኛችሁት ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ክተቱት፤ ገንዳ ከሌለም በላዩ ላይ ሳታቋርጡ አፍስሱበት።

እናትየውስ ተሳስተው ነበር?

ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም። ሰው በድንገት በረዶ ውሃ ውስጥ ሲገባ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ትንፋሹ ይቆራረጣል፤ የልቡ ምት ይፈጥናል፤ የደም ግፊቱ ይጨምራል። የልብ ሕመም ወይም የደም ግፊት ላለበት ሰው ይህ አደገኛ ነው። ስኳር በሽታ የእግሩን ስሜት የቀነሰበት ሰውም ቆዳው ሲጎዳ ላይታወቀው ይችላል። ልጁ ደግሞ ሌሊት፥ ብቻውን፥ በሩን ዘግቶ ነበር የሚገባው። ራሱን ቢስት ማን ይደርስለታል?

ከዚህ ሁሉ የከፋው ግን ሌላ ነበር። አሁን ወደዚያች መልሴ እንመለስ።

እናቱን ካነጋገርኩ በኋላ ልጁን አስቀመጥኩትና «የሚያምህ የት ነው?» አልኩት። ባቱን የሚያሳየኝ መስሎኝ ነበር። እሱ ግን በአንድ ጣቱ የእግሩን አገዳ፥ አጥንቱን፥ አንዲት ነጥብ ላይ ነካ። ጫን ስልበት ከመቀመጫው ዘለለ። የጡንቻ ድካም ሰፊ ነው፤ ሁለቱንም እግር ይይዛል፤ በሦስት በአራት ቀን ይለቃል። በአንድ እግር፥ አጥንት ላይ፥ በጣት ጫፍ የሚጠቆም፥ በሮጡ ቁጥር የሚብስ ሕመም ግን ሌላ ነገር ነው።

ሐኪም ቤት ወሰድነው። የመጀመሪያው ራጅ ምንም አላሳየም። ሐኪሙ ግን በልምምድ ብዛት የሚመጣ የአጥንት ስንጥቅ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በራጅ ላይታይ እንደሚችል አስረድቶ ሩጫውን አስቆመው። ከሦስት ሳምንት በኋላ በተነሳው ራጅ ስንጥቁ የሚጠግግበት ምልክት በግልጽ ታየ። በየምሽቱ በረዶው ሕመሙን ያደነዝዝለታል፤ በየማለዳው እሱ በተሰነጠቀ አጥንት ላይ ይሮጣል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ አበው። ተማሪዬ በሽታውን ከራሱም ደብቆ ነበር። እኔም መምህሩ «ከተወህማ ጥሩ ነው» ብዬ አግዤዋለሁ። ያን ቀን አንድ ጥያቄ ብጨምር ኖሮ አንድ ሳምንት ይተርፍለት ነበር። ለእሱም ለእናቱም ይቅርታ ጠይቄያለሁ።

ለወላጆችና ለወጣቶች

አንደኛ፥ ሕመምን ከማብረድ በፊት መጠየቅ ይቅደም። የት ነው? መቼ ይብሳል? አጥንት ላይ ከሆነ ወይም ከሳምንት በላይ ከቆየ ሐኪም ይየው።

ሁለተኛ፥ የሚሮጠው ርቀት ቀስ በቀስ ይጨመር። ከከባድ ቀን ቀጥሎ ቀላል ቀን ይኑር።

ሦስተኛ፥ የመጀመሪያው መድኃኒት እንቅልፍ ነው። ከ13 እስከ 18 ዓመት ያለ ወጣት በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት መተኛት ይገባዋል። በሞባይል የበረዶ ገንዳ ሲያይ የሚያመሽ ሯጭ መድኃኒቱን ለመፈለግ ብሎ መድኃኒቱን እየጣለ ነው።

አራተኛ፥ ከልምምድ በኋላ ሳይቆይ ይብላ፤ ይጠጣ። በሶ፥ ገንፎ፥ ወተት፥ እንቁላል፥ ምስርና ሽሮ ጡንቻን የሚጠግኑ፥ ጉልበትን የሚመልሱ ናቸው። በረመዷን ልምምዱ ከኢፍጣር ጋር ቢቀራረብ ጥገናው አይዘገይም።

አምስተኛ፥ ውድድር ተደራርቦበት በቀዝቃዛ ውሃ መጠቀም የሚፈልግ ጤነኛ ሰው ውሃው ከ10 እስከ 15 ዲግሪ፥ ቆይታውም ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይበቃዋል። ቀስ ብሎ ይግባ፤ ከወገብ አይለፍ፤ በረዶ በቀጥታ ቆዳ ላይ አያስቀምጥ፤ ከሁሉም በላይ ብቻውን አይሁን።

ተማሪዬ የዞኑ ውድድር አመለጠው። በዕለቱ ከእኔ ጎን ቆሞ የጓደኞቹን ሰዓት ሲይዝ ዋለ። ስምንት ሳምንት ካረፈ በኋላ ሐኪሙ ፈቅዶለት በዝግታ መሮጥ ጀምሯል፤ አልሐምዱ ሊላህ። በርሜሉን እናቱ መልሰው የዝናብ ውሃ ያጠራቅሙበታል። ባለፈው ሳምንት መጥቶ «ኡስታዝ፥ ዛሬ ባቴን ትንሽ አሞኛል» አለኝ።

«የትኛውን?» አልኩት።

«ሁለቱንም።»

«እንግዲያው በሶህን በጥብጠህ ጠጣና ተኛ» አልኩት።

ለሚቀጥለው ወር በሰላም ያገናኘን። ወሰላሙ ዐለይኩም።